ቦርድ ከመግዛትሽ በፊት ሶኬቱን እዪልኝ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ኮምቦልቻ ነኝ፣ የባጃጅ ስቲከርና የሰርግ ዲኮር እቆርጣለሁ። ሰኔ ላይ ያገለገለ ባለ 72 ሳንቲም ሜትር የቻይና ከተር (ስቲከር መቁረጫ) ማሽን ገዛሁ። ክረምቱን ሙሉ ደህና ሰርቶልኝ ከህዳር ወዲህ ግን ስራው ግማሽ ሲደርስ ቢላው ሳይነሳ ከዳር እስከ ዳር መስመር ሰንጥቆብኝ ያልፋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ እዛው ይቆማል። ክብ ስቆርጥ ደሞ መነሻና መድረሻው አይገጥምም። ቢላ 3 ጊዜ ቀየርኩ። (ስነካው ትንሽ ይነዝረኛል ግን እሱ ከገዛሁት ጀምሮ ነው።) አንድ ባለሙያ አይቶት ቦርዱ (ማሽኑን ሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ተቃጥሏል ቀይሪ አለኝ። ልግዛ ወይስ ሌላ ማሽን ልፈልግ?»

እህቴ አብሽሪ፣ ቦርድ እንዳትገዢ። ቢያንስ ከዚህ በታች ያለውን ሳታዪ እንዳትገዢ።

ይነዝረኛል ያልሽውን በቅንፍ ውስጥ እንደ ተራ ነገር ጣል አርገሽ አለፍሽው፣ እኔ ግን ደሴ ላይ እነዚህን ማሽኖች ስፈታና ስገጥም ብዙ አመት ስለቆየሁ ከጻፍሽው ሁሉ መጀመሪያ አይኔ የገባችው እሷ ናት። ሁለተኛዋ ደሞ «ክረምቱን ሙሉ ደህና ነበር» ያልሽው። የተቃጠለ ቦርድ እኮ ወቅት አይለይም፣ ክረምት ሰርቶ በጋ አይታመምም። ወቅት ጠብቆ ሚመጣ በሽታ ሌላ ነው።

ደሞ አንቺ ጋ ያለው ሁለት የተለያየ በሽታ ነው፣ አንድ እየመሰለሽ ነው የተቸገርሽው። መስመር ሰንጥቆ ማለፉ የኤሌክትሪክና የመልእክት ጉዳይ ነው፣ ክቡ አለመግጠሙ የቢላና የሆልደር (የቢላው መያዣ) ጉዳይ ነው። ሁለቱን ቀላቅለሽ ስትፈልጊ ቢላ ትቀይሪያለሽ መስመሩ አይጠፋም፣ ገመድ ትቀይሪያለሽ ክቡ አይገጥምም፣ ከዛ የቀረ ነገር ቦርድ ብቻ ይመስልና ሰውየው ያለሽን ትሰሚያለሽ። እኔም ቢሆን እንደዛ ልል እችል ነበር፣ ድሮ ብያለሁም፣ እሱን ኋላ እነግርሻለሁ።

መስመሩን እንጀምር። ኮምፒውተርሽ ለከተሩ ስዕል አይደለም ሚልክለት፣ ትእዛዝ ነው ሚልክለት፣ በተራ በተራ። አብዛኞቹ ከተሮች ሚሰሙት ቋንቋ ኤችፒጂኤል ይባላል፣ ከድሮዎቹ የብዕር ፕሎተሮች የመጣ ነው፣ ትእዛዙም ያው የብዕር ነው፦ «ብዕር አንሳ፣ ወደዚህ ቁጥር ሂድ፣ ብዕር አውርድ፣ ወደዚያ ቁጥር ሂድ»። ቁጥሩ ሚቆጠረው በ0.025 ሚሊሜትር ነው፣ ማለት 40 ቁጥር 1 ሚሊሜትር ይሆናል፣ 4000 ማለት 10 ሳንቲም ማለት ነው። አሁን እስቲ አስቢው፣ ትእዛዙ በገመዱ ሲሄድ መሃል ላይ አንዲት ፊደል ብትጠፋ ምን ይሆናል? «ብዕር አንሳ» ሚለው ከጠፋ ቢላው ወርዶ እንዳለ ወደ ሚቀጥለው ፊደል ይሄዳል፣ ያቺ ናት መስመርሽ። 4000 ከነበረው አንድ ዜሮ ብትወድቅ 400 ይሆናል፣ 10 ሳንቲም ላይ መገኘት ያለበት ቢላ 1 ሳንቲም ላይ ሄዶ ይገኛል። ማሽኑ አላበደም ማለት ነው፣ የሰማውን ነው የሰራው፣ የሰማው ነገር ነው የተበላሸው።

የተበላሸው የት ነው? እዚህ ጋ አንድ ነገር አድርጊልኝ፣ ምንም አያስወጣሽም። ያበላሸብሽን ቁራጭ ከጣልሽበት አንሺና ያንኑ ፋይል ድጋሚ ቁረጪው። መስመሩ ሁለቴም እዛው ቦታ ላይ ከመጣ ጥፋቱ ፋይሉ ውስጥ ነው፣ ዲዛይኑ ላይ ያልተዘጋ መስመር ወይ ሳታይው የቀረች ክር አለች፣ ከኢንተርኔት ተወርዶ በትሬስ (ፎቶን ወደ መቁረጫ መስመር በሚቀይረው) የተቀየረ የሰርግ ጌጥ ላይ ይሄ ሞልቷል። ቦታውን ከቀያየረ፣ አንዴ ግማሽ ላይ አንዴ ሩብ ላይ ከሆነ ግን ኤሌክትሪኩ ወይ የመልእክቱ መንገድ ነው። ከአነጋገርሽ ሁለተኛው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ንዝረቱ። እነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላያቸው ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻን ወደ ኤርዝ (መሬት ውስጥ ወደሚገባው ገመድ) ሚያወርዱ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ኤርዝ ካለ ወርዶ ይሄዳል፣ አታውቂውም። ኤርዝ ከሌለ ግን የማሽኑ ብረት አካል ላይ የ220ው ግማሽ፣ 110 ቮልት አካባቢ ተንሳፎ ይቀመጣል። ከረንቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ክንድሽ ሲነካው እንደ ጉንዳን ይነዝርሻል እንጂ አይጥልሽም (ከጣለሽ ወይ እጅሽን ከያዘሽ ግን ያ ሌላ ነው፣ ውስጥ የተላጠ ገመድ አካሉን ነክቷል፣ ወዲያው ንቀዪውና ሰው ሳያየው እንዳትሰኪው)። ያ መውረጃ ያጣ ኮረንት ታዲያ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ መንገድ ይፈልጋል፣ ያለው መንገድ ደሞ የዩኤስቢ ገመድሽ ነው፣ በሱ አድርጎ ወደ ላፕቶፑ። ትእዛዝሽ ሚሄድበት ገመድ ማለት ነው!

እዚህ ላይ በጋው ይጨመርበታል። ህዳርና ታህሳስ አየሩ ይደርቃል፣ ማታ ሹራብ ስታወልቂ ጠጥ ጠጥ ሚለውን ታውቂዋለሽ፣ ስቲከር ሮል ሲተረተር ያው ነው ሚሰራው፣ ፕላስቲኩ ከወረቀቱ ጋ እየተፋተገ ስታቲክ ያጠራቅማል። የክንድሽን ፀጉር ወደሱ ከሳበው አለ ማለት ነው። ማሽኑ ኤርዝ ካለው ስታቲኩ በሮለሩ በኩል ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከሌለው ይጠራቀምና በአንዴ ይተኮሳል፣ ያን ጊዜ ነው ወይ ፊደል ሚጠፋው ወይ ማሽኑ እዛው ሚደርቀው። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሳይጠራቀም ይበተናል፣ ለዛ ነው ሀምሌና ነሐሴን በሰላም ያለፍሽው። ኤርዙ ያኔም አልነበረም፣ ንዝረቱ ከገዛሁት ጀምሮ ነው ያልሽው ራሱ ምስክር ነው።

ስለዚህ ሶኬቱን እዪ። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳና ከላይና ከታች ሁለት የብረት ጥፍር ካለው፣ ጥፍሮቹ ናቸው ኤርዝ። ጥፍር ስላለው ብቻ ግን ኤርዝ አለው ማለት አይደለም፣ የድሮ የኪራይ ሱቅ ከሆነ ከጥፍሩ ኋላ ገመድ ራሱ ላይኖር ይችላል፣ እኔ ፈትቼ ባዶ ያገኘሁት በጣም ብዙ ነው። ማልቲሜትር ያለው ኤሌክትሪሺያን ጥሪና ሶስት ቦታ ይለካልሽ፦ ፌዝና ኒውትራል (ኮረንት ሚመጣበትና ሚመለስበት ገመድ) መሃል 220 አካባቢ፣ ፌዝና ጥፍሩ መሃልም 220 አካባቢ፣ ኒውትራልና ጥፍሩ መሃል ዜሮ ወይ ጥቂት ቮልት። ፌዝና ጥፍሩ መሃል 60፣ 90፣ 110 እያለ ሚዋልል ከሆነ ወይ ምንም ካላነበበ ኤርዝ የለሽም በቃ። ሶኬቱ ደህና ሆኖ ደሞ ዲቫይደሩ ሁለት ገመድ ብቻ ያለው ሊሆን ይችላል፣ ጫፉ ላይ ስፒናው ቀጭንና ጥፍር ማይነካ ከሆነ እሱ ነው። የማሽኑን ስፒና ሶስተኛ እግር በፒንሳ ቆርጦ ሚሰካ ሰውም አይቻለሁ፣ ያገለገለ ስለገዛሽ እሱንም እዪ።

መፍትሄው የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ አስቀብሮ እስከ ሶኬቱ ጥፍር ሙሉ ገመድ መሳብ ነው። አንድ ቀን ስራ ነው። እርጥብ አፈር ያለበት ቦታ ይሻላል፣ ደረቅ ድንጋያማ ቦታ ላይ ከተቀበረ በበጋ ስራውን ያቆማል፣ ስለዚህ አንዳንዴ ውሃ ማፍሰስ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ «ከኒውትራሉ ጋ ላገናኘው ያው ነው» ካለሽ እሺ እንዳትይው፣ ኒውትራሉ አንድ ቀን ከተበጠሰ የማሽኑ አካል በሙሉ ፌዝ ይሆናል፣ ያኔ ጉንዳን አይደለም። የውሃ ቧንቧ ላይ ማሰርም አይሆንም፣ አሁን ቧንቧው ግማሹ ፕላስቲክ ነው። ስታብላይዘር አለኝ እንዳትዪኝ ደሞ፣ ስታብላይዘር ሚያስተካክለው ቮልቱን ነው፣ የሌለ ኤርዝ አይፈጥርም።

ቃል የገባሁት ታሪክ፦ አንድ ጊዜ እዚሁ ደሴ አንድ ሱቅ ልክ ያንቺን ችግር ይዘው መጡ፣ እኔም ያኔ ልቤ ትልቅ ነበር፣ ቦርድ ነው ብዬ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ቀየርኩ። ሱቄ ላይ ሞከርነው፣ እንደ ሰዓት ሰራ። ሱቃቸው ወስደው ሰኩት፣ በሰዓቱ ውስጥ መስመሩን ሰነጠቀው። እንደገና መጣ፣ እኔ ጋ ሰራ፣ ተመለሰ፣ እዛ ተበላሸ። ሶስተኛው ላይ ነው ተነስቼ ሱቃቸው የሄድኩት፣ ዲቫይደሩን ስፈታው የኤርዝ ገመዷ ተበጥሳ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። የቦርዱን ብር እኔው ከፈልኩ። ከዛ ወዲህ «እኔ ጋ ሲመጣ ይሰራል» ሚሉኝን ማሽን አልፈታም፣ ቤቱን ሄጄ ነው ማየው።

ኤሌክትሪሺያኑ እስኪመጣ ስራ እንዳይቆምብሽ ምታረጊያቸው ነገሮች አሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀዪና በባትሪ ብቻ ቁረጪ፣ ብዙ ጊዜ ይሄ ብቻውን መስመሩን ይቀንሰዋል፣ ከቀነሰው ደሞ ምርመራችን ልክ ነበር ማለት ነው። ሮሉን ማሽኑ ራሱ እየጎተተ እንዲተረትረው አትተዪው፣ ሚያስፈልግሽን ርዝመት ቀድመሽ ተርትረሽ ትንሽ አስተኝተሽ ከዛ ላኪ። ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ካለ አንሺው፣ ሲሚንቶውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪው። የዩኤስቢ ገመዱን አጭር አድርጊው፣ 1.5 ሜትር ይበቃል፣ ዩኤስቢ ሲፈጠርም ከ5 ሜትር በላይ አልተባለለትም፣ ጫፉ ላይ ጉብ ያለች ጥቁር ነገር ያለችው ገመድ ትሻላለች፣ ጉብታዋ ለጌጥ አይደለችም ረብሻ ትይዛለች። ገመዱን ከኤሌክትሪክ ገመዱ ጋ አብረሽ አትጠቅልዪው። ደሞ ማሽኑ በርቶ እያለ ዩኤስቢውን አትንቀዪ አትሰኪ፣ እሷ 110 በዛች ቅፅበት ናት የዩኤስቢ ቺፑን ምትበላው፣ ያኔ እውነትም ቦርድ ትገዣለሽ።

ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። ዊንዶውስ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ዩኤስቢውን መሃል ላይ ያስተኛዋል፣ ዲቫይስ ማናጀር ገብተሽ ዩኤስቢ ሩት ሀብ ሚሉት ላይ ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ ያለችውን ምልክት አንሺ፣ ሁሉም ላይ። ገመዱን ሁሌ አንድ ቀዳዳ ላይ ብቻ ሰኪ፣ ቀዳዳ በቀየርሽ ቁጥር የኮም ፖርቱ ቁጥር ሊቀየርና ሶፍትዌርሽ ማሽኑን ላያገኘው ይችላል። የቦድ ሬቱ (መልእክቱ ሚላክበት ፍጥነት) ሶፍትዌሩ ላይም ማሽኑ ላይም አንድ አይነት ይሁን፣ ብዙዎቹ 9600 ወይ 38400 ናቸው። ረጅም ስራ ላይ ብቻ ሚሳሳት ከሆነ ፍሎው ኮንትሮል ሚለውን እዪ፣ ሃርድዌር በሚለው ላይ አርጊውና ሞክሪ፣ እሱ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩ ማሽኑ ከሚቆርጠው በላይ እያፈሰሰ ትርፉ ይፈሳል።

አንዲት ፈተና ደሞ አለች እኔ በጣም ምወዳት። ከማሽኑ ጋ ብዕር መያዣ መጥቶልሽ ይሆናል፣ ካልመጣ ቀጭን ስክሪፕቶ በፕላስተር ጠቅልለሽ ሆልደሩ ቦታ ላይ እሰሪ። ተራ ወረቀት አስገቢና ያንን የተበላሸብሽን ፋይል ይሳልልሽ። ወረቀት እንደ ስቲከር ስታቲክ አያጠራቅምም። ወረቀቱ ላይ ሶስት አራት ጊዜ ንፁህ ከወጣ ስታቲኩ ነው ጠላትሽ። ወረቀቱም ላይ መስመር ከሰራ ገመዱ፣ ኮምፒውተሩ ወይ ሶኬቱ ነው። ደሞ ስክሪፕቶው የሳለውን ክብ አስቀምጪልኝ፣ ለሁለተኛው በሽታ ይጠቅመናል።

ክቡ ላይ እንምጣ። ስክሪፕቶው የሳለው ክብ ገጥሟል? ከገጠመ ሞተሩም ቺንጋውም (ቢላውን ሚያመላልሰው ቀበቶ) ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ቢላው አካባቢ ነው፣ ምክንያቱም ስክሪፕቶ ጫፉ መሃል ላይ ነው፣ የቢላ ጫፍ ግን ከመሃል ትንሽ ወጣ ያለ ነው፣ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ እግር እየተጎተተ ነው ሚዞረው። ያቺ ወጣ ያለችው ልክ ኦፍሴት ትባላለች፣ ለተለመደው ቢላ 0.25 ሚሊሜትር ናት። ሶፍትዌሩ ላይ ወይ ማሽኑ ላይ ዜሮ ሆና ከተቀመጠች ክቡ አይገጥምም፣ ጥግ ያለው ፊደልም ጥጉ ክብ ይሆናል። ከበዛች ደሞ ጥጎቹ ላይ ጆሮ ያወጣል። አራት ማዕዘን ቁረጪና ጥጎቹን እዪ፣ እንደ ቀለጠ ሳሙና ከሆኑ ጨምሪ፣ ቀንድ ካወጡ ቀንሺ። ሁለቱም ቦታ ላይ እንዳትሞዪው ግን፣ ሶፍትዌሩም ማሽኑም ካረሙት እጥፍ ይሆናል።

ኦፍሴቱ ልክ ሆኖ ካልገጠመ ሆልደሩን ፍቺው። አንቺ 3 ቢላ ቀየርሽ፣ ሆልደሩን ግን አንዴም እንዳልከፈትሽው እገምታለሁ። ውስጡ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ የምስር ፍሬ ምታክል፣ ቢላው በነሱ ነው እንደፈለገ ሚዞረው። የስቲከር ሙጫና ትቢያ ከገባባቸው ይደርቃሉ፣ ቢላው አዲስ ቢሆንም አቅጣጫውን ዘግይቶ ነው ሚያዞር፣ ክብ ሲጀምር ወደ አንድ ጎን ሲጨርስ ወደ ሌላ ጎን እያየ ነው፣ እንዴት ይግጠም? ቢላውን አውጥተሽ በአልኮል እጠቢው፣ አድርቂው፣ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፣ ከአንድ አትበልጪ። ጫፉን በጣትሽ (በጥንቃቄ!) ስትነኪው እንደ እንዝርት ካልዞረ ሆልደር ግዢ፣ ሆልደር ከቦርድ ጋ አይወዳደርም።

የቢላውን ርዝመት ደሞ ሁሉም ሰው አብዝቶ ነው ሚያወጣው። የኤቲኤም ካርድሽን ጎኗን እዪ፣ የሷን ግማሽ እንኳን አይሞላም መውጣት ያለበት። መደበኛ ስቲከር 0.06 ወይ 0.08 ሚሊሜትር ነው ውፍረቱ፣ ምን ያረጋል ሁለት ሚሊ ቢላ? ሆልደሩን አውጥተሽ በእጅሽ ስቲከሩ ላይ ጎትቺው፣ ፕላስቲኩን ቆርጦ የጀርባውን ወረቀት ቧጨር ብቻ ካረገው ልክ ነው። ወረቀቱን ከበሳው ትርፉ ቢላ ወደ ታች ገብቶ መዞር ያቅተዋል፣ ታች ያለውን ነጩን ቴፍሎንም እያረሰው ይሄዳል። ቴፍሎኑ ላይ ጥፍርሽ ሚይዘው ቦይ ካለ እዛ ቦታ ላይ ሁሌ ሳይቆርጥ ያልፋል፣ ፕሬዠር ብትጨምሪ አይረዳም፣ ቴፍሎኑን ልጠሽ አዲስ ለጥፊ። ለተራ ስቲከር 45 ዲግሪ ቢላ፣ ፕሬዠሩን ከ80 እስከ 120 ግራም ጀምሪ፣ ለወፍራም ነገር ነው 60 ዲግሪ።

ስክሪፕቶውም ክቡን ካላገጠመ ግን ቺንጋውን በጣትሽ ጫን አርጊው፣ ከላላ ጥርስ እየዘለለ ነው፣ ስትሰሚው ከርከር ይላል። ሀዲዱ ላይ የደረቀ ግሪስና ትቢያ ካለም ሞተሩ መሄድ ያለበትን ያህል አይሄድም። ጥረጊው፣ ፍጥነቱንም ግማሽ አድርጊና ድገሚ። ጎማ ሮለሮቹ ልክ ሻካራው ዘንግ ላይ መቀመጣቸውን እዪ፣ አንዱ ግማሹ ውጪ ከሆነ ረጅም ስራ ላይ ስቲከሩ ጠሞ ይወጣል።

ቦርድ መቼ ነው? ኤርዙ ገብቶ፣ ገመዱ ተቀይሮ፣ በወረቀት ተሞክሮ፣ ኮምፒውተር ሳይሰካ ማሽኑ ላይ ያለችውን ቴስት ቁልፍ 20 ጊዜ ያህል ቦታ እየቀያየርሽ ስትጫኛት እሷም ከሳተች። ያኔም ቢሆን ባለሙያው መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ይለካ፣ የተጻፈበትን ቮልት ሞተሩ እየሰራ እያለ ይሰጣል ወይ፣ ቆሞ ሲለካ ደህና ሆኖ ሲሰራ ሚወድቅ አለ፣ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ካየ እሱን ቀይሮ ይሞክር። ካሬጁ (ቢላውን ይዞ ሚመላለሰው) ድረስ ምትሄደዋን ጠፍጣፋ ገመድም ይንካት፣ ከመታጠፍ ብዛት ውስጥ ውስጧን ምትበጠስ ናት፣ ማሽኑ ሁሌ አንድ አካባቢ ሲደርስ ብቻ ከሳተ እሷን ጠርጥሩ። «ተቃጥሏል» ካለሽ ምኑ እንደተቃጠለ ያሳይሽ፣ የተቃጠለ ነገር ወይ ይታያል ወይ በሜትር ይነበባል።

ከሁሉ በኋላ እኔ ጋ ላምጣው ካልሽ በመጀመሪያ ያንቺው ሶኬት ላይ ያበላሸውን ቁራጭና ስክሪፕቶው የሳለውን ወረቀት ይዘሽ ነይ፣ ያለነሱ ማሽኑን ብቻ ካመጣሽው እኔ ጋ ደህና ሰርቶ ነው ሚያሾፍብን። ማሽኑንም ከያዝሽ ካሬጁን ወደ ዳር ገፍተሽ በሰፊ ፕላስተር እሰሪው፣ ቢላውን ከነሆልደሩ አውጪው፣ ጎማ ሮለሮቹን አንሺያቸው፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ሚያመጣውን የሐረጎን ዳገት ጠመዝማዛ ለጠመዝማዛ ስትወጡ ካሬጁ ወዲህ ወዲያ እየተላጋ ቺንጋውን እንዳይጨርስልሽ።